የአንጀት ባክቴሪያና ልብ፦ ከሰሜን ሸዋ ገበታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሰሞኑን “የልብ በሽታ የሚጀምረው ከአንጀት ነው” የሚል ወሬ በየስልኩ እየዞረ ነው። በቲክቶክ ይነገራል፣ በቴሌግራም ይተላለፋል፣ ከዚያ ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት የፋርማሲ መስኮት ላይ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። “አንጀት የሚያጸዳ ነገር አለ?” “ጥሩውን ባክቴሪያ የሚጨምረው ክኒን ስንት ነው?” የደም ግፊት መድኃኒቱን ትቶ በእርጎ ብቻ ለመኖር የሚያስብም አይጠፋም።

ወሬው ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። ላለፉት 15 ዓመታት ገደማ በአንጀት ባክቴሪያና በልብ መካከል ስላለው ግንኙነት ብዙ ጠንካራ ምርምር ተሠርቷል። ችግሩ የተረጋገጠው፣ ገና እየተፈተሸ ያለውና ለሽያጭ ሲባል የሚነገረው ነገር ተደባልቆ መቅረቡ ነው። እዚህ ላይ አንድ በአንድ ለመለየት እንሞክር። የሰሜን ሸዋን ገበታ መሃል ላይ የማስቀምጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉዳዩ ከክኒን ይልቅ ከገብስ፣ ከባቄላና ከጨው ጋር በጣም ይቀራረባል።

## የትኛው ባክቴሪያ?

እኛ ጋ “ባክቴሪያ” ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የጨጓራውን ነው። ሰገራ ተመርምሮ “ባክቴሪያ አለብህ” የሚባለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ ነው። መኖሪያው ጨጓራ ነው። የጨጓራ ቁስለት እንደሚያመጣ ያሳዩት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሐኪም ሲያዝ በመድኃኒት ይጠፋል። አሁን የምናወራው ግን ስለ እሱ አይደለም።

ሁለተኛው የጉሮሮው ነው። በሀገራችን የልጆችንና የወጣቶችን ልብ ክፉኛ ከሚጎዱ ነገሮች አንዱ ከዚህ ይጀምራል። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ጉሮሮን ያቆስላል። በጊዜው ካልታከመ፣ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን የልብ በሮች፣ ማለትም ቫልቮችን፣ አብሮ ሊያጠቃ ይችላል። ይህ ሩማቲክ የልብ በሽታ ይባላል። በሽታው እንዳይባባስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ይሰጣል። ለዓመታትም ይቀጥላል።

ይህን ያነሣሁት አንድ ስጋት ስላለኝ ነው። “አንቲባዮቲክ የአንጀት ባክቴሪያን ይፈጃል” የሚለው አባባል በከፊል እውነት ነው። ይህን ሰምቶ የልጁን ወርኃዊ መርፌ የሚያስቀር ወላጅ ግን ልጁን ለከባድ አደጋ ያጋልጣል። የመርፌው ጥቅም በአንጀት ላይ ሊያደርስ ከሚችለው ጉዳት ጋር ጨርሶ አይወዳደርም።

ሦስተኛው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። በአንጀታችን፣ በተለይ በትልቁ አንጀት፣ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። በ2016 የታተመ ስሌት በአንድ ጎልማሳ ሰው ውስጥ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ እንዳለ ይገምታል። የሰውነታችን ሕዋሳት ራሳቸው 30 ትሪሊዮን ያህል ናቸው። ቀድሞ “ባክቴሪያው ከሕዋሳችን 10 እጥፍ ይበልጣል” ይባል ነበር። ያ አሁን ተስተካክሏል። ሁሉም ተደምሮ ክብደቱ 200 ግራም ገደማ ነው። ይህ የነዋሪዎች ስብስብ ማይክሮባዮም ይባላል። በሽታ አይደለም፣ “የሚጸዳ” ነገርም አይደለም። ያለ እሱ በደንብ መኖር አንችልም።

## ከአንጀት እስከ ልብ ያለው መንገድ

ባክቴሪያዎቹ ልብ ድረስ አይሄዱም። የሚሄደው የሚሠሩት ኬሚካል ነው።

የበላነው እህል ሁሉ አይፈጭም። የገብስ፣ የጤፍ፣ የባቄላና የምስር አንድ ክፍል ለእኛ ኢንዛይሞች አይበገርም። ይህ ፋይበር ይባላል። ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉትና አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ አጫጭር የስብ አሲዶችን ያመርታሉ።

ቡቲሬት የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ምግብ ነው። ግድግዳው በደንብ ሲመገብ እንደ ጥሩ ወንፊት የሚጠቅመውን ያሳልፋል፣ የማይገባውን ያስቀራል። ሲዳከም ግን የባክቴሪያ ስብርባሪዎች ወደ ደም ይሾልካሉ። ከእነዚህ አንዱ ኢንዶቶክሲን የሚባለው ነው። የሰውነት መከላከያ ይህን ሲያይ ይቆጣል። መጠነኛ ሆኖ ለዓመታት የሚቆይ የሰውነት መቆጣት የደም ሥር ግድግዳን ያውካል። የደም ሥር መጥበብ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና ስትሮክ ከዚህ ሂደት ጋር የተያያዙ ናቸው።

ፕሮፒዮኔትና አሲቴት ደግሞ ወደ ደም ይገባሉ። በኩላሊትና በደም ሥሮች ላይ እነሱን የሚያውቁ ተቀባዮች አሉ። በአይጦች ላይ በ2013 የታተመ ሥራ እነዚህ ተቀባዮች የደም ግፊትን ከፍና ዝቅ በማድረግ ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። በ2017 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች ደም ግፊት ካለባቸው ሰዎች የተወሰደ የአንጀት ባክቴሪያ ባክቴሪያ በሌላቸው አይጦች አንጀት ውስጥ አኖሩ። የአይጦቹ ግፊት ጨመረ። ትልቅ ፍንጭ ነው። አይጥ ግን አይጥ ነው።

ሌላው መንገድ በሐሞት በኩል ነው። ጉበት ሐሞትን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ባክቴሪያዎቹ ሐሞትን ይለውጣሉ፣ አንዳንዶቹም ኮሌስትሮሉን ራሱን ይነካካሉ። በ2024 የታተመና በአሜሪካ ፍራሚንግሃም የልብ ጥናት ተሳታፊዎች ላይ የተመሠረተ ምርምር፣ ኦሲሊባክተር የሚባለው የባክቴሪያ ወገን በብዛት ያለባቸው ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ እንዳገኘው ገልጿል።

## ሥጋ፣ እንቁላልና ቲኤምኤኦ

በየቪዲዮው ብዙ የሚወራለት ግን ሌላ ነገር ነው። ስሙ ቲኤምኤኦ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀይ ሥጋ ካርኒቲን፣ እንቁላልና ጉበት ደግሞ ኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር አላቸው። የተወሰኑ ባክቴሪያዎች እነዚህን ሰብረው ቲኤምኤ የተባለ ጋዝ ይሠራሉ። ጋዙ በደም ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ወደ ቲኤምኤኦ ይለውጠዋል። በኦሃዮ የክሊቭላንድ ክሊኒክ የስታንሊ ሄዘን ቡድን በ2011 ይህን ሰንሰለት ከልብ በሽታ ጋር አገናኘ። በ2013 ደግሞ 4,007 ታካሚዎችን 3 ዓመት ተከታትሎ ውጤቱን አሳተመ። ቲኤምኤኦ በጣም ከፍ ያለባቸው ሰዎች፣ በጣም ዝቅ ካለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለሃርት አታክ፣ ለስትሮክ ወይም ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሥራቸው ለእኛ ይበልጥ የሚገርም ነው። ከእንስሳት ምግብ ለረጅም ጊዜ የተቆጠቡ ሰዎች ካርኒቲን ሲሰጣቸው ቲኤምኤኦ እምብዛም አላመረቱም። ምርቱን የሚያካሂዱት ባክቴሪያዎች በአንጀታቸው ቀንሰዋል ማለት ነው። በ2019 ደግሞ 113 ጤናማ ሰዎች በየተራ ቀይ ሥጋ፣ ነጭ ሥጋና ሥጋ አልባ ምግብ ለ4 ለ4 ሳምንታት ተመገቡ። በቀይ ሥጋው ወር ቲኤምኤኦ ከ2 እጥፍ በላይ ሆነ። ቀይ ሥጋው ሲቆም በአንድ ወር ውስጥ ተመልሶ ወረደ።

እዚህ ላይ የሁዳዴን 55 ቀን የማያስብ የሰሜን ሸዋ አንባቢ አይኖርም። ረቡዕና ዓርብን፣ ጾመ ነቢያትንና ፍልሰታን ስንጨምር አንድ ጾመኛ ከዓመቱ ግማሽ የሚጠጋውን ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ርቆ ይኖራል። በአሜሪካው ጥናት 4 ሳምንት በቂ ከነበረ፣ 55 ቀን በቲኤምኤኦ ላይ ምልክት ቢተው አያስደንቅም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ከላይ ካሉት ውጤቶች የሚከተል ይመስለኛል።

ሆኖም ቲኤምኤኦን ዋና ጠላት አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። የተቃውሞው ወገን ጠንካራ ነጥቦች አሉት። አንደኛው ዓሣ ነው። ብዙ የባሕር ዓሣ ቲኤምኤኦን ራሱን በብዛት ይዟል። ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ግን በልብ በሽታ ይበልጥ ሲጎዱ አልታየም። ሁለተኛው ኩላሊት ነው። ቲኤምኤኦን ከደም የሚያስወግደው ኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ ውስጥ ይከማችበታል። የኩላሊት በሽተኛ ደግሞ በራሱ ለልብ በሽታ የተጋለጠ ነው። ታዲያ ጥፋተኛው ቲኤምኤኦ ነው ወይስ ኩላሊቱ? በ2019 የወጣ የዘረመል ትንታኔም ቲኤምኤኦ የልብ በሽታን እንደሚያመጣ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም። ይልቁንም የስኳርና የኩላሊት በሽታ ቲኤምኤኦን ከፍ እንደሚያደርጉ ጠቆመ።

በእኔ ሚዛን ቲኤምኤኦ ጥሩ ምልክት ነው፣ ጥፋተኛነቱ ግን ገና አልተረጋገጠም። ለእኛ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። የመንዝ ገበሬ በግ ያረባል እንጂ በየቀኑ በግ አይበላም። ሥጋ የበዓል ነው። ዶሮ ወጡም ከነእንቁላሉ የፋሲካና የገና ነው። ስለ ቀይ ሥጋ ብዛት የተጻፈ የአሜሪካ ማስጠንቀቂያ በዓመት ጥቂት ጊዜ ሥጋ ለሚቀምስ ቤተሰብ አንገብጋቢ መልእክት አይደለም። በከተማ በየሳምንቱ መጨረሻ ጥሬ ሥጋና ጥብስ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

## ገብሱ ላይ እንቆይ

የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከባሶና ወራና እስከ መንዝ፣ የገብስ ሀገር ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ገንፎ፣ ቂጣ፣ ጠላ፤ ሁሉም ከእሱ ነው። በልብ ጤና ሳይንስ ውስጥ ደግሞ ገብስን የሚያህል ማስረጃ የተሰበሰበለት እህል ከአጃ በስተቀር እምብዛም የለም።

ምክንያቱ ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር ነው። ገብስ ገንፎ ሲሆን የሚያጣብቀው በከፊል በእሱ ነው። ይህ ፋይበር አንጀት ውስጥ ውኃ ይዞ ይወፍራል። ሐሞትን ይይዛል፣ ይዞትም ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል። ኤልዲኤል የተባለው፣ የደም ሥርን የሚያጠብበው ኮሌስትሮል በዚህ ይቀንሳል። የቀረው ፋይበር ደግሞ ትልቁ አንጀት ይደርስና ለባክቴሪያዎቹ ምግብ ይሆናል። በገብስ ላይ የተሠሩ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲታዩ ኤልዲኤል በአማካይ 7 በመቶ ያህል ወርዷል። መድኃኒት የሚያህል አይደለም። ግን ከቁርስ ለሚገኝ ነገር ቀላል አይደለም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን የልብ በሽታ ስጋትን ሊቀንስ ይችላል የሚል ጽሑፍ በምግብ ማሸጊያ ላይ እንዲሰፍር ፈቅዷል። በ1997 መጀመሪያ ለአጃ፣ በኋላም ለገብስ። በ100 ግራም ገብስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ግራም ቤታ ግሉካን አለ። ስለዚህ 75 ግራም የሚሆን የገብስ ዱቄት 3 ግራሙን ይሞላል። በሶ በጥብጦ ቁርስ ለሚያደርግ ሰው ይህ ሩቅ አይደለም። በሶው በስኳር ወይም በጨው ካልተጥለቀለቀ ማለቴ ነው።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ገብስ ብቅል ሲሆን ቤታ ግሉካኑ ይሰባበራል። ለቢራ የሚመረጠው የገብስ ዝርያም ቤታ ግሉካኑ ዝቅ ያለው ነው፤ ለጠማቂ ያስቸግረዋልና። ደብረ ብርሃን ራሷ የቢራ ፋብሪካዎች ከተማ ናት። ገበሬው የተሻለ ዋጋ ወዳለበት ቢሄድ አይፈረድበትም። ግን የምግብ ገብስ ከማሳ እየቀነሰ ከሄደ፣ ከገበታም የሚቀንሰው አብሮ ነው። ስለ ግብርና ስናወራ ይህ የጤና ጉዳይም እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል።

ገብስ ብቻውንም አይደለም። የጅሩ ባቄላ፣ የምንጃር ጤፍና ሽምብራ፣ ምስሩ፣ አተሩ ሁሉ በፋይበር የበለጸጉ ናቸው። ጤፍ ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ ገለባውን ለይቶ ማውጣት አይመችም። ስለዚህ ነጭም ሆነ ቀይ ጤፍ ሲፈጭ ከነሙሉ አካሉ ነው። የፉርኖ ዱቄት ግን ተልጦና ተነፍቶ ነው የሚመጣው፤ ፋይበሩ አብዛኛው ወጥቷል። በ2019 ላንሴት ላይ የታተመ ሰፊ ግምገማ 185 የክትትል ጥናቶችንና 58 ሙከራዎችን አንድ ላይ አየ። ብዙ ፋይበር የሚመገቡ ሰዎች፣ በጣም ጥቂት ከሚመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ነበር። የተሻለው መጠን በቀን ከ25 እስከ 29 ግራም ነው። የባክቴሪያውን ዝርዝር ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ይህ ውጤት ይቆማል።

እና ለውጡ ወዴት እየሄደ ነው? የጤፍ ዋጋ ሲንር እንጀራው ውስጥ ሩዝ ይገባል። ቁርሱ ዳቦና ሻይ ይሆናል። ልጁ ቆሎ ትቶ ብስኩት ይዞ ይሄዳል። በታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ አካባቢ የተሠራና በ2025 የታተመ ሙከራ ይህን ይመለከታል። 77 ጤናማ ወንዶች ተሳተፉ። የሀገሩን ባሕላዊ ምግብ ሲበሉ የኖሩት ለ2 ሳምንት ወደ ፈረንጅ ዓይነት፣ ብዙ የተቀነባበረ ምግብ ዞሩ። የሰውነት መቆጣት ምልክታቸው ጨመረ። በተቃራኒው ወደ ባሕላዊው የዞሩት ላይ ቀነሰ። ከለውጡ ውስጥ የተወሰነው ከ4 ሳምንት በኋላም ይታይ ነበር። 2 ሳምንት ብቻ!

## እንጀራ ፕሮባዮቲክ ነው?

ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰድ የሚጠቅም ሕያው ባክቴሪያ ወይም እርሾ ነው። ፕሪባዮቲክ ደግሞ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ነገር ነው፤ ከፋይበር የተወሰነው እንደ ማለት። ሁለቱ ይምታታሉ።

“እንጀራችን ፕሮባዮቲክ ነው” የሚል ኩራት በብዛት ይሰማል። ሊጡ ቡሃቃ ውስጥ እያለ እውነት ነው። እርሾው በሕያዋን ተሞልቷል። ምጣዱ ላይ ሲጋገር ግን በሙቀቱ ይሞታሉ። ይህ እንጀራን አያሳንሰውም። መቡካቱ ብረትና ዚንክ ከእህሉ በቀላሉ እንዲገኙ ያግዛል፣ ፋይበሩም ይቀራል። ስለዚህ እንጀራ የባክቴሪያ ምግብ ነው ብንል ይሻላል።

ሕያው የሆነው ሌላ ቦታ ነው። እርጎ አለ። አይብ ግን በእሳት ስለሚወጣ አይቆጠርም። በጾም ደግሞ ስልጆ አለ። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተሠርቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት ይብላላል፤ ከዚያ ሳይሞቅ ይበላል። በሁዳዴ ገበታ ላይ ሕያው ባክቴሪያ ይዞ የሚቀርብ፣ በዚያ ላይ ባቄላ የሆነ ምግብ ነው። ስለ ስልጆ ለምን ይህን ያህል ትንሽ እንደሚወራ አይገባኝም።

በ2021 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 36 ጎልማሶችን ለ10 ሳምንት ከፍለው፣ ግማሹን የተብላላ ምግብ፣ ግማሹን ብዙ ፋይበር አበሏቸው። የተብላላውን የበሉት የአንጀት ባክቴሪያቸው ዓይነት በዛ፣ 19 የመቆጣት ፕሮቲኖችም ቀነሱ። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው። ለእርጎ ወተቱን መጀመሪያ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከዚያ በጥቂት ነባር እርጎ ማርጋት ይመረጣል። ያልፈላ ወተት ብሩሴላና የከብት ቲቢ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ጠላስ? በታንዛኒያው ሙከራ ከሙዝ የሚጠመቅ ባሕላዊ መጠጥ የሰውነት መቆጣትን ቀንሷል። ይህን ይዞ ለጠላ ወይም ለአረቄ ፈቃድ መስጠት አይቻልም። አልኮል ደም ግፊትን ይጨምራል፣ የልብ ጡንቻንም ያደክማል። አረቄ ደግሞ ሲወጣ ተፈልቶና ተንኖ ነው፤ ሕያው ነገር የለበትም።

## ጨው ከሁሉ በፊት

ስለ ባክቴሪያ ስናወራ ጨውን እንዳንረሳው። በ2015 በሀገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት የኢትዮጵያ ጎልማሳ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። በዚሁ ጥናት ከጎልማሳው 16 በመቶ የሚሆነው ደም ግፊት ነበረበት።

ጨው ግፊትን የሚጨምረው በዋናነት ኩላሊትና የደም ሥር ላይ በሚሠራው ሥራ ነው። በ2017 ግን ሌላ በር ተከፈተ። ብዙ ጨው የበሉ አይጦች አንጀት ውስጥ ላክቶባሲለስ የተባለው ባክቴሪያ ሲመናመን ታየ። ባክቴሪያው ሲመለስላቸው ግፊቱ በመጠኑ ረገበ። በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራም ተመሳሳይ ምልክት አሳይቷል።

የእኛ ጨው የት ነው ያለው? ሽሮው ሲፈጭ ጨው አለበት፣ በርበሬው አለበት፣ ከዚያ ወጡ ላይ ደግሞ ይጨመራል። ዳቦው አለበት። ቡናውን በጨው የሚጠጣ ቤትም አለ። ሲደመር ማንም ልብ አይለውም። ለአንድ የደም ግፊት ታካሚ ፕሮባዮቲክ ከመግዛቱ በፊት ሽሮ ሲያስፈጭ ጨው እንዳይገባበት ቢያደርግ በጣም ይበልጥበታል ብዬ አምናለሁ።

የሚረጋውን የፓልም ዘይት ጉዳይ እዚህ አላሰፋውም። በደብረ ብርሃን ብርድ ጀሪካን ውስጥ ሲደርቅ የሚያሳየን የተሞላ (ሳቹሬትድ) ስብ እንደሆነ ነው። ኮሌስትሮልን የሚጨምረው ቀጥታ ነው፣ ባክቴሪያ አያስፈልገውም።

## ክኒኖቹና መድኃኒቶቹ

የፕሮባዮቲክ ክኒን ሃርት አታክን ወይም ስትሮክን እንደሚቀንስ ያሳየ ትልቅ ሙከራ የለም። አነስተኛ ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ የላይኛው የግፊት ቁጥር በ3 ወይም በ4 ሚሊ ሜትር ያህል ሲወርድ ታይቷል። የሕክምና መድኃኒት ከዚህ የበለጠ ያወርዳል። ከክኒን ክኒን ዝርያውም መጠኑም ይለያያል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። “አንጀት ማጽጃ” የሚባለው ደግሞ የባሰ ነው። ተቅማጥ አምጥቶ ፖታሲየም ሊያራግፍ ይችላል። የልብ ታካሚ ላይ ይህ የልብ ምትን እስከ ማዛባት ይደርሳል።

ከመድኃኒት ጋር ያለው እውነተኛ ግንኙነት ብዙም የማይወራበት ቦታ ነው። ዲጎክሲን ለልብ ድካም የሚሰጥ የቆየ መድኃኒት ነው። ሩማቲክ የልብ በሽታ ያለባቸው ብዙ ታካሚዎችም ይወስዱታል። ኤገርተላ ሌንታ የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ ይህን መድኃኒት ሥራ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ከ10 ታካሚዎች በ1 ገደማ ይህ በጉልህ እንደሚታይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በ2013 ደግሞ ባክቴሪያው በየትኞቹ ዘረመሎች እንደሚሠራው ታወቀ።

ውጤቱ ተግባራዊ ነው። እንዲህ ዓይነት ባክቴሪያ ያለበት ሰው አንቲባዮቲክ ሲወስድ ባክቴሪያው ይሞታል። ያው የቀድሞው የዲጎክሲን መጠን በድንገት ይበዛበታል። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ፣ ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚታዘዙት አንዱ፣ በሌላ መንገድም የዲጎክሲንን መጠን በደም ውስጥ ይጨምራል። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ነገር ሁሉ ለዓይን ቢጫ ሆኖ መታየት፣ የልብ ምት መዛባት የመብዛቱ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው የጨጓራ ሕክምና ሲጀምር ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳያልፍ።

ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መግዛትም እዚህ ይገባል። በ2019 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 36,429 ሴቶችን ተከታትሎ፣ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ለ2 ወር ወይም ከዚያ በላይ አንቲባዮቲክ የወሰዱት በልብና በደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ32 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቷል። ይህ ምክንያትና ውጤት አያሳይም። ብዙ አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ቀድሞም የታመመ ሊሆን ይችላል። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን መግዛትን ለማቆም ግን በቂ ምክንያት ከበፊቱም ነበረን።

ከአንጀት ከፍ ብለን አፍንም እንመልከት። በስዊድን 8,973 ሰዎች ላይ የተሠራና በ2023 የታተመ ጥናት፣ ብዙውን ጊዜ አፍ ውስጥ የሚኖሩ የስትሬፕቶኮከስ ዝርያዎች በአንጀታቸው የበዛባቸው ሰዎች የልብ ደም ሥራቸው ይበልጥ ጠቦ እንደሚገኝ አሳይቷል። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አሁንም ክርክር ነው። መፋቂያውን አዘውትሮ ለመጠቀም ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም።

## የእኛ አንጀት በጥናቱ ውስጥ የለም

ከላይ የጠቀስኳቸው የአንጀት ባክቴሪያ ጥናቶች ከታንዛኒያው በስተቀር በአብዛኛው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በቻይና የተሠሩ ናቸው። በ2022 የታተመ ቆጠራ እንደሚያሳየው፣ በዓለም ላይ በይፋ ከተቀመጡት የሰው ማይክሮባዮም ናሙናዎች ምንጫቸው ከሚታወቀው ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ነው። ለምሳሌ ቀደም ሲል በቡርኪና ፋሶ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በፋይበር የሚኖሩት የገጠር ልጆች ባክቴሪያ ከጣሊያን ልጆች በጣም የተለየ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ የቦስተን ሰው አንጀት ላይ የተገኘው ሁሉ በመንዝ መሃል ሜዳ ከተማ ይደገማል ማለት አይቻልም።

ሰሜን ሸዋ ደግሞ ተመራማሪ የሚመኘው ነገር አለው። በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን፣ መቶ ሺዎች ሰዎች ምግባቸውን ይለውጣሉ። ከቅበላ ማግስት እስከ ፋሲካ ዋዜማ 55 ቀን፣ ከዚያ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት በዓለ ሃምሳ። ሌላ ሀገር ይህን ለማግኘት ሰው በገንዘብ ቀጥሮ ምግብ መመደብ ያስፈልገዋል። ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ቲኤምኤኦና የሰገራ ናሙና ከጾሙ በፊት፣ በመጨረሻው ሳምንትና በበዓለ ሃምሳ መጨረሻ ቢወሰድ፣ እስከ ዛሬ በግምት የምናወራው ብዙ ነገር መልስ ያገኛል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የማስተማሪያ ሆስፒታልም አለ። የሩማቲክ ልብ ታካሚዎች፣ ለደም ግፊት ክትትል የሚመጡ እናቶችና አባቶችም በየወሩ እዚያው ይመጣሉ። ለናሙናው ማቆያ ጥልቅ ማቀዝቀዣና የማያቋርጥ መብራት፣ ለምርመራው ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ቀሪው ሁሉ፣ ጾሙም ገብሱም፣ በቦታው አለ።